ቀበሌ ስብሰባ ላይ የመኪናና የቆሻሻ ክርክር ሲነሳ

እኛ ሰፈር፣ ደብረ ማርቆስ፣ ስለ ቆሻሻ የተጠራ ስብሰባ የሚያልቀው በመኪና ነው። «የቆሻሻ ጋሪው የማይገባው ባለመኪኖች መንገዱን ስለዘጉት ነው» ይላል አንዱ። «ለፍቼ የገዛሁትን መኪና የት ላድርገው?» ይላል ሌላው። ከዚያ ወሬው ወደ 2016 ይዞራል፤ መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉ ልክ ነው፣ አይደለም። እንዲህ ሲባል ይመሻል። ማዳበሪያው ግን ቆሻሻ እንደሞላ በር ላይ ነው።

ሁለት ዓመት ከተጨቃጨቅን በኋላ የበጀንን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ሜትር ያዙ። እኔ ከስብሰባው በፊት ከጎረቤቴ ልጅ ጋር ለካሁ። መንገዳችን ከአጥር እስከ ቦይ 3 ሜትር ነው። የምትቆመው መኪና ከነመስታወቷ 1 ሜትር ከ80 ትይዛለች። የሚቀረው 1 ሜትር ከ20 ነው። የሰብሳቢዎቹ የአህያ ጋሪ ደግሞ ከነጎማው 1 ሜትር ከ35። ለካ ሁለት ዓመት የተጣላነው በ15 ሳንቲ ሜትር ነው! ወረቀቱን ሳነብ ማንም አልጮኸም።

ቀጥሎ ሰዓት ለምኑ። ሰብሳቢዎቹ የሚመጡበትን ቀን አስቀድማችሁ ጠይቁ። «መኪናህን አንሳ» አይባልም። «ጋሼ፣ ማክሰኞና ዓርብ ጠዋት ከ1 እስከ 2 ሰዓት ግቢ ያስገቡልን» በሉ። እኛ እንዲህ ስንል እሺ አሉ።

«ባለመኪና የበለጠ ይክፈል» የሚልም አይጠፋም። እኔ አልደግፈውም። ቆሻሻ የሚበዛው ቤተሰብ ሲበዛ ነው። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቦይ ውስጥ ሲደፋ ካያችሁ ግን ዝም አትበሉ። በጀሪካን ይዞ ጋራዥ ይውሰደው። ክረምት ላይ ያ ውሃ የሚወርደው ወደ ታች ሰፈር ጓሮ ነው፤ ጎመንና ድንች አለበት።

የራሳችሁንም ድርሻ ይዛችሁ ግቡ። ቆሻሻን ከቤት ለይቶ ማውጣት ከ1999ኙ የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ጀምሮ የተጻፈ ነገር ነው። የድንች ልጣጩ ጌሾው ሥር ይቀበር፤ ሃይላንዱ ለቁራሌው ይቀመጥ። አመዱን አደራ፣ አሳድራችሁ አውጡት። አንዴ እንጀራ ተጋግሮ ትኩስ አመድ የተጨመረበት ማዳበሪያ ጋሪው ላይ ተቀጣጥሎ ጋሪ ነጂው ልጅ እጁን ተቃጥሏል።

ስምምነቱን ቃለ ጉባኤ ላይ አስጽፉና አስፈርሙ። አንድ ኮፒ ለሰብሳቢዎቹ ስጧቸው። ጋሪ ነጂው ሲቀየር አዲሱ ሰዓቱን ከዚያ ያያል።