በነጭ ቀለም ላይ የሚወጣውን የፓይን ሙጫ እንዴት እንዳስቆምኩት

ነጭ በቀባሁት የፓይን (ጥድ መሰል ዛፍ) እንጨት መደርደሪያ ላይ ቢጫ ክቦች ብቅ ብቅ ማለት ጀመሩ። ቀለም ሲደረብባቸው ይጠፋሉ፤ ግን ቆይተው ይመለሳሉ። የሚወጡት ቅርንጫፍ በበቀለባቸው አንጓዎች ላይ ብቻ ነው፤ ሙጫው በብዛት የሚከማቸው እዚያ ነውና። በውሃ የሚቀጥን ቀለም አያግደውም። ሙቀት ሙጫውን ስለሚያለሰልሰው ፀሐይ የሚያገኘው ወገን ይብስበታል።

በአንጓዎቹ ላይ ያለውን ቀለም እስከ እንጨቱ ድረስ ፋቅሁ። በሙቅ አየር መንፊያ እያሞቅሁ የወጣውን ሙጫ በስለት አነሳሁ። እንጨቱ ሲቀዘቅዝ ቀሪውን በአልኮል በነከርኩት ጨርቅ ጠረግሁ (አልኮል ተቀጣጣይ ስለሆነ መቀዝቀዙን መጠበቅ ግድ ነው!)። በብርጭቆ ወረቀት አለስልሼ፣ ሰሙ የወጣለት ሼላክ (ከነፍሳት ከሚገኝ ንጥረ ነገር የሚሠራ ማሸጊያ ቅብ) ከአንጓው ጠርዝ ትንሽ አሳልፌ ደራርቤ ቀባሁ። ዋናው ነገር ይኸው ሼላክ ነው፤ ሙጫውን ከሥር ያፍነዋል። ነጩ ቀለም የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ቢጫው አልተመለሰም።

አዲስ ሳንቃ ለሚገዛ ሰው፣ በማድረቂያ ምድጃ እስከ 70 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ የሞቀውን እመርጥለታለሁ፤ ሙጫው ስለሚጠጥር በኋላ ብዙም አያነባም። አንጓ የበዛበት ደግሞ ለጀርባ ይሁን።