የትሩቪልን ባሕር ዳርቻና ዘናጮቹን እንዴት እንሥላለን?

ትሩቪል በሰሜን ፈረንሳይ፣ በኖርማንዲ ጠረፍ የምትገኝ የዓሣ አጥማጆች መንደር ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1860ዎቹ ግን የፓሪስ ዘናጮች የበጋ መዝናኛ ሆነች። በ1863 ባቡር ሲገባላት ደግሞ ሰዉ ይበልጥ ጎረፈ። እመቤቶቹ የሚመጡት ለባሕሩ ብቻ አልነበረም፤ ለመታየትም ነው። ይህን ሁሉ በትንንሽ የእንጨት ሰሌዳዎች ላይ ያስቀረልን ሠዓሊ ኤዤን ቡዳን ነው። እዚያው አካባቢ፣ ኦንፍለር ውስጥ የተወለደ የመርከበኛ ልጅ ነው፤ ነፋሱን ያውቀዋል። ዛሬ በእሱ መንገድ አንድ ሥዕል እንሠራለን። የሰው ፊት መሣል ለሚያስፈራው ሰው ከዚህ የተሻለ መነሻ ያለ አይመስለኝም።

መጀመሪያ 20 በ40 ሴንቲ ሜትር የሆነ ኮምፔንሳቶ አስቆርጡ። የባሕር ዳርቻ ወደ ጎን የሚዘረጋ ነገር ስለሆነ ሰሌዳውም ወደ ጎን ረዘም ይበል። በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱትና ነጭ አክሪሊክ (በውሃ የሚቀጥን ቀለም) ሁለት ጊዜ ቀቡት። በሁለተኛው ዙር ትንሽ ቡናማ ጨምሩበት። ጥርት ያለ ነጭ ላይ ሲሠራ ቀለም ሁሉ ከሆነው በላይ የጠቆረ ይመስላልና። ነጭ (በብዛት)፣ ሰማያዊ፣ የአፈር ቢጫ፣ ቡናማ፣ ጥቁርና ቀይ ቀለም ያስፈልጋችኋል። ብሩሽ ሦስት ይበቃል፤ አንድ ሰፊ፣ አንድ መካከለኛ፣ አንድ ቀጭን።

ከዚያ ከሥር 7 ሴንቲ ሜትር ለክታችሁ የአድማሱን መስመር አስምሩ። ከዚያ በላይ ያለው በሙሉ የሰማይ ነው። አትሳሱለት። ብዙ ጀማሪ ሰዎቹን አጉልቶ ለማሳየት ሲል አድማሱን ወደ ላይ ይገፋዋል። ያኔ ስፋቱም ነፋሱም ይጠፋል።

ቀለም ከመበጥበጣችሁ በፊት ስንት ሰዓት እንደሆነና ነፋሱ ከየት እንደሚነፍስ ወስኑ። ከሰሌዳው ጀርባ ጻፉት። ቡዳን በሰማይ ንድፎቹ ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ነፋሱን ይጽፍ ነበር፤ ገጣሚው ቦድሌር በ1859 ይህን አይቶ በአድናቆት ጽፎለታል። ነጭ ላይ ጥቂት ሰማያዊና ነካ ያህል ቡናማ ስትጨምሩ አመዳም ሰማያዊ ታገኛላችሁ። የኖርማንዲ ሰማይ እሱ ነው። ከላይ ጠቆር፣ ወደ አድማሱ ነጣ ይበል። ደመናውን ቀለሙ ሳይደርቅ በሰፊው ብሩሽ፣ ነፋሱ በሚሄድበት አቅጣጫ ጎትቱት። አክሪሊክ ቶሎ ስለሚደርቅ ውሃ እየረጫችሁ ሥሩ።

ባሕሩ ከአድማሱ ሥር አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ቀጭን መስመር ነው። አሸዋው የአፈር ቢጫ፣ ነጭና ትንሽ ቡናማ፤ ወደ ውሃው ሲጠጋ ግራጫ።

አሁን ወደ ሰዎቹ እንምጣ። አንድ በአንድ አትጀምሯቸው። ቡናማውን በውሃ አቅጥናችሁ ከግራ ወደ ቀኝ አንድ ያልተስተካከለ ጥላ አስምሩ፤ እዚህ ወፈር፣ እዚያ ሳሳ፣ አንድ ቦታ ላይ ደግሞ ቆረጥ አድርጉት። ሕዝቡ ያ ነው። የቁመታቸው ነገር እንዳያስጨንቃችሁ። ቆመን ስናይ አድማሱ ከዓይናችን እኩል ነው። ስለዚህ ሜዳ በሆነ አሸዋ ላይ ቅርብ የቆመውም ሩቅ የቆመውም ራሱ አድማሱ ላይ ይሰለፋል፤ ርቀታቸው የሚለየው እግራቸው በሚያርፍበት ቦታ ነው። ወንበር ላይ የተቀመጡት ዝቅ ይላሉ።

አንዷን እመቤት አብረን እንሥራት። ቀሚሷ ከሥሩ ክሪኖሊን አለው፤ ጨርቁን የሚወጥር የብረት ቀለበት። እንደ እርጎ የወፈረ፣ ቢጫ የነካው ነጭ በመካከለኛው ብሩሽ አንሡ። ከወገቧ ጀምራችሁ አንድ ጊዜ ወደ ግራ፣ አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ ወደ ታች ጎትቱ። ፀሐይ በማያገኘው ጎን ሰማያዊ ግራጫ ጨምሩ። ትከሻዋ ላይ አንድ ቀይ ጭረት፣ ሻሏ ነው። ፊቷ አንዲት ነጠብጣብ፣ ባርኔጣዋ ሌላ ነጠብጣብ። ዓይንና አፍንጫ አትጨምሩ፤ እጃችሁን ሰብስቡ። ቡዳን የፈረንሳይዋን እቴጌ ኤዤኒን እንኳ በ1863 ሥዕሉ ላይ በአጀቧ መካከል ትንሽ አድርጎ ነው ያስቀመጣት። ማንነቷን የሚናገረው አቋቋሟና ልብሷ ነው።

ወንዶቹ ቀጥ ያለ ጥቁር ጭረትና ረጅም ባርኔጣ ናቸው። ቀዩን በሰሌዳው ላይ ከሦስት ቦታ በላይ አትድገሙት፤ መጠኑም ይለያይ። ከአመዳሙ ሰማይ ሥር ያ ቀይ እንዴት እንደሚያበራ ታያላችሁ።

አንድ ነገር አደራ፦ ሰዎቹን ለማሾፍ አትሣሏቸው። ቡዳንም አንዳንዴ የትሩቪል ሀብታሞች ይሰለቹት ነበር። ሆኖም በ1868 ለወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ፣ ጀምበር ስትጠልቅ የሚንሸራሸሩት እነዚህ ሰዎችም በሸራ ላይ የመቅረት መብት እንዳላቸው ተሟግቶላቸዋል። ከሥዕሉ ፊት ስትቆሙ ያ አክብሮት ይሰማችኋል።

መጨረሻ ላይ ጃንጥላ፣ ወንበር፣ ውሻ፣ ባንዲራ በቀጭኑ ብሩሽ ጣል ጣል አድርጉ። ከዚያ ሰሌዳውን ገልብጡና የጻፋችሁትን አንብቡ። ባንዲራው፣ የባርኔጣው ሪባንና ደመናው ወደ አንድ አቅጣጫ ካልሄዱ አስተካክሉ። ደጅ ወጥታችሁ ከሠራችሁት አቧራ ቢያርፍበት አትጨነቁ፤ ሠዓሊው ክሎድ ሞኔ በ1870 ትሩቪል ላይ የሣለው፣ ዛሬ በለንደን ናሽናል ጋለሪ ያለው ሥዕል ቀለሙ ውስጥ የባሕር ዳርቻው አሸዋ ተጣብቆበታል። በደንብ ከደረቀ በኋላ ስስ ቬርኒስ አንድ ጊዜ ቀቡት።