ከኮች ላዱሰር ካርዷን ውሰዱ፣ ሪከርዱን ተዉት

የሰፈር ወይም የትምህርት ቤት ታዳጊዎች የምታሰለጥኑ ከሆነ ይቺ የካርድ ዘዴ ለእናንተ ናት። ሜዳችሁ አቧራ ቢሆንም ችግር የለም። የሚያስፈልገው ወረቀትና እስክሪብቶ ብቻ ነው።

ዘዴውን ያገኘሁት ከአሜሪካ ፉትቦል ነው፤ ያ ሄልሜት አድርገው የሚጋጩበት። ካሊፎርኒያ፣ ኮንኮርድ ከተማ ውስጥ ዴ ላ ሳል የሚባል የካቶሊክ የወንዶች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ። ቦብ ላዱሰር እ.ኤ.አ. በ1979 ቡድኑን ሲረከብ ገና 25 ዓመቱ ነበር፣ ቡድኑም ድሉ ከሽንፈቱ የበለጠበት አንድ የውድድር ዓመት እንኳ አይቶ አያውቅም። ያው ቡድን ከ1992 እስከ 2004 ድረስ 151 ጨዋታ በተከታታይ አሸነፈ። መቶ ሃምሳ አንድ! ሰውዬው ደግሞ እዚያው ሃይማኖት ያስተምር ነበር። በ2013 መጀመሪያ ላይ ዋና አሰልጣኝነቱን ሲለቅ 399 ድል፣ 25 ሽንፈትና 3 አቻ ነበረው። አንዲት ጨምሮ 400 ቢደፍናትስ? እኔ ብሆን ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አለቅም ነበር።

ይሄንን ቁጥር ልድገመው ብላችሁ እንዳትደክሙ። መውሰድ የምትችሉት ካርዷን ነው። የዴ ላ ሳል ልጆች ከጨዋታ በፊት ትንሽ ካርድ ላይ ቃል ይጽፋሉ፣ ከዚያ ለጓደኛቸው ያነቡለታል።

እኛ የምናደርገው እንዲህ ነው። ደብተር ቀዳችሁ ለእያንዳንዱ ልጅ ቁራጭ ስጡ። ሦስት መስመር ይጻፍ፦ አንዱ ስለ አካል ብቃት፣ አንዱ ስለ ልምምድ፣ አንዱ ስለ ጨዋታው። ሕጉ አንድ ነው፤ የተጻፈው ነገር በዓይን የሚታይ ወይም የሚቆጠር መሆን አለበት። ይሄ ቀላል ይመስላል፣ ግን ትልቁ ሥራ ያለው እዚህ ላይ ነው። የኛ ተከላካይ፣ 13 ዓመቱ ነው፣ መጀመሪያ ቀን «ጀግና እሆናለሁ» ብሎ ጻፈ። ጀግና ስትሆን በምን እናውቃለን ስለው እስክሪብቶውን እየነከሰ ብዙ ቆየ። ሰረዘው። እንደገና ጻፈ፣ እንደገና ሰረዘ። በመጨረሻ ወረቀቷ ልትቀደድ ስትደርስ «ኳስ ሲነጥቁኝ ዳኛውን ሳላይ ወደ ኋላ እሮጣለሁ» አለ። በቃ፣ እሱ ነው ካርድ።

ቀጥሎ ጥንድ ጥንድ አድርጓቸው። ቆመው፣ ፊት ለፊት እየተያዩ ያንብቡ። ካነበበ በኋላ ካርዱን ለጓደኛው ይሰጣል፣ ከጨዋታ በኋላም «አደረገው» ወይም «አላደረገውም» የሚለው ያ ጓደኛው ነው። እናንተ ዝም በሉ። ልጅ ለአሰልጣኝ ሰበብ መደርደር ይችላል፣ አብሮት ለሚሮጠው ልጅ ግን ከባድ ነው። ጥብቅ ጓደኛሞችን አታጣምሩ፣ ይሸፋፈናሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሳቅ በሳቅ ነው፣ አትቆጡ፣ ይለቃቸዋል።

ተቀያሪ ልጆችም ይጽፋሉ። እንዲያውም እነሱ ላይ ጊዜ ውሰዱ፤ የማይገባ ልጅ የጨዋታ መስመሩ ላይ ምን ይጻፍ? አንዱ «የተጋጣሚውን ተጫዋች በየትኛው እግሩ እንደሚመታ አይቼ ለጓደኛዬ እነግረዋለሁ» ብሎ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ወንበር ላይ ስልክ ሲነካካ አላየሁትም።

የኔን ስህተት ደግሞ አትድገሙ። አንድ ቅዳሜ ተናድጄ ካርዶቹን ሰብስቤ ራሴ ጮክ ብዬ አነበብኩ፣ ቃሉን ያልጠበቀውንም በስሙ ጠራሁት። ልጁ በሚቀጥለው ሳምንት ቀረ። ቤቱ ሁለት ጊዜ ሄጄ፣ እናቱ ቡና እያፈሉ ይቅርታ ጠይቄ ነው የመለስኩት። ካርዱ የቅጣት ወረቀት አይደለም፣ ለአሰላለፍ መምረጫም አታድርጉት፤ ያደረጋችሁት ቀን ሁሉም ቀላል ቀላሉን መጻፍ ይጀምራል።

ስትሸነፉ ከውጤቱ በፊት ካርዶቹን ክፈቱ። 5 ለ 0 ተሸንፋችሁ ቃላቸውን የጠበቁ ስድስት ልጆች ልታገኙ ትችላላችሁ። መሸነፍ ለማንም አይቀርም፤ ያ 151 ጨዋታም እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2004 ሲያትል ላይ ቤልቪው በሚባል ትምህርት ቤት 39 ለ 20 ተቋጨ። ከዚያ ሽንፈት በፊት ደግሞ በኦገስት፣ ትምህርቱን የጨረሰው የቡድኑ ልጅ ቴራንስ ኬሊ ሪችመንድ ውስጥ በጥይት ተገድሎ ነበር፤ ኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ሊጫወት ሊሄድ ጥቂት ቀን ሲቀረው። ከሱ አንጻር 39 ለ 20 ምንድን ነው?

ጥቂት ወራት ካለፉ በኋላ ሥራውን ለትልልቆቹ ልጆች ልቀቁላቸው። ላዱሰርን የተካው ጀስቲን አሉምባውም በሱ ሥር የተጫወተ ልጅ ነው። እኛ ጋ አሁን ወረቀት የሚያድለው ያ ተከላካይ ነው። አዲስ የመጣ ልጅ ባለፈው «ጎበዝ እሆናለሁ» ብሎ ሲያሳየው ካርዱን መለሰለትና «በምን እናውቃለን?» አለው።