በርሊን ሲሄዱ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ላይቭ እንዴት እንደሚታይ

መጀመሪያ «ላይቭ» የሚለውን ይፈልጉ። በፕሮግራሙ ላይ ከሙዚቀኛው ስም አጠገብ ይህ ካልተጻፈ የሚመጣው እንደ ዲጄ ነው፤ በአብዛኛው የሌሎችን ሥራ እያዋሃደ ያጫውታል። ላይቭ ከሆነ ሲንተሳይዘሩንና (ድምፅ የሚፈጥረውን የኤሌክትሮኒክ መሣሪያ) ድራም ማሽኑን ደርድሮ የራሱን ሥራ እዚያው ይጫወታል። ዲጄ ሦስት አራት ሰዓት ሊቆይ ይችላል፤ ላይቭ ግን ብዙ ጊዜ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ያረፈደ ሰው ምንም ሳያይ ይመለሳል።

ፕሮግራሞችን ሬዚደንት አድቫይዘር በተባለው የዝግጅቶች ድረ ገጽ ላይ ያገኛሉ፤ ከዚያ ከክለቡ ድረ ገጽ ጋር ያመሳክሩ። ትሬዞር የተባለው ክለብ እ.ኤ.አ. በ1991 በአንድ አሮጌ የገበያ አዳራሽ ካዝና ውስጥ ተከፍቶ ከ2007 ወዲህ በቀድሞ የኃይል ማመንጫ ውስጥ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2004 የተከፈተው በርግሃይን የተባለው ክለብም የቀድሞ ኃይል ማመንጫ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው ግን የምንመክረው የምሥራቅ ጀርመን ሬዲዮ ጣቢያ የነበረውን ፉንክሃውስን ነው። ኮንሰርቶቹ አብዛኛውን ጊዜ በጊዜ ይጀምራሉ፤ ቲኬትም አስቀድሞ ይሸጣል። በርግሃይን በሳምንቱ መጨረሻ ለሰዓታት ተሰልፎ በሩ ላይ «አይሆንም» መባል የተለመደ ነው። ሁለት ሌሊት ብቻ ያለው ጎብኚ አንዱን በዚህ ባያጠፋ ይሻላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሰዓቱ ላይ ነው። «ቅዳሜ 23፡59» የሚለው በእኛ አቆጣጠር ለእኩለ ሌሊት አንድ ደቂቃ ሲቀረው ነው፤ ያውም በሩ የሚከፈትበት እንጂ ሙዚቀኛው መድረክ የሚወጣበት ሰዓት አይደለም። የእሱ ሰዓት 03፡00 ከተባለ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። እዚህ ላይ ሁለት ስህተት ይፈጠራል። አንዱ 03፡00ን ከምሽቱ 3 ሰዓት አድርጎ ማንበብ ነው፤ የእኛ ከምሽቱ 3 ሰዓት በፈረንጆቹ 21፡00 ተብሎ ይጻፋል። ሌላው ቀኑ ነው። ቲኬቱ ቅዳሜ ይላል፣ ካላንደሩ ግን እሁድ ገብቷል፤ «እሁድ» ብሎ የመዘገበ ሰው እሁድ ማታ ሄዶ በሩ ተዘግቶ ያገኘዋል። ቅዳሜ ለእሁድ አጥቢያ ብለው ይያዙት፣ ስልክዎ ላይ ሲመዘግቡም 24 ሰዓቱን እንዳለ ይጻፉ። የእሁድ ጠዋት በረራ ካለዎት ሌላ ዝግጅት ይምረጡ።

ከአዲስ አበባ ሆነው ቲኬት ሽያጭ የሚጠብቁ ከሆነ በርሊን በበጋቸው በ1 ሰዓት፣ በክረምታቸው በ2 ሰዓት ወደ ኋላ ናት። ሰዓት የሚቀይሩት በመጋቢት (ማርች) እና በጥቅምት (ኦክቶበር) ወራቸው የመጨረሻ እሁድ፣ ቅዳሜ ለእሁድ አጥቢያ ሌሊት፣ ልክ ክለቡ በሞቀበት ሰዓት ነው። በመጋቢቱ ሌሊት ከ02፡00 ቀጥሎ 03፡00 ይሆናል። ስልክ ራሱን ያስተካክላል፤ የእጅ ሰዓት ግን አንድ ሙሉ ሰዓት፣ ማለትም ሙሉውን ላይቭ፣ ያስመልጥዎታል።

ቲኬት ካለቀ በሻጩ በራሱ የዳግም ሽያጭ መስመር ብቻ ይግዙ። በማኅበራዊ ሚዲያ የሚላክ የኪውአር ኮድ ፎቶ ለአሥር ሰው ሊሸጥ ይችላል፤ የሚገባው ቀድሞ የደረሰው ነው።

ዓርብና ቅዳሜ ሌሊት ኡ-ባንና ኤስ-ባን የሚባሉት የከተማ ባቡሮች ሲሠሩ ያድራሉ፤ በሌሎቹ ቀናት ስማቸው በኤን የሚጀምር የሌሊት አውቶቡሶች አሉ። የወረቀት ቲኬት ከመሳፈርዎ በፊት በማሽኑ ማስመታት ግዴታ ነው፤ ያልተመታ ቲኬት እንደሌለ ስለሚቆጠር 60 ዩሮ ያስቀጣል።

ዋናውን ፓስፖርት ይያዙ፣ የስልክ ፎቶ ላይቀበሉ ይችላሉ። ጥሬ ገንዘብና ሳንቲም ለካፖርት ማስቀመጫው ያስፈልጋል። በብዙ ክለቦች በር ላይ የስልክዎ ካሜራ ላይ ተለጣፊ ይደረግበታል፤ ውስጥ ገብቶ መላጥ ያስወጣል።

የጆሮ መሰኪያ ሳይዙ አይግቡ። የአሜሪካ የሥራ ደህንነትና ጤና ተቋም ለ100 ዴሲቤል ድምፅ የሚመክረው ገደብ በቀን 15 ደቂቃ ነው፤ ክለብ ውስጥ ደግሞ ሰው ሰዓታት ይቆያል። የስፖንጅ መሰኪያ ቀጭኑን ድምፅ አፍኖ ሙዚቃውን ስለሚያደበዝዝ ማጣሪያ ያለውን የሙዚቀኞች መሰኪያ ይግዙ። የሚቆሙበትም ቦታ ለውጥ አለው፤ ግድግዳና ማዕዘን ላይ ቤዙ (ወፍራሙ ድምፅ) ተጠራቅሞ ሌላውን ይውጠዋል። ድምፅ ባለሙያው የሚቆምበት ጠረጴዛ አጠገብ ይቁሙ፣ ድምፁን የሚያስተካክለው እዚያ እየሰማ ነው።

መጠጥ ሲገዙ ለጠርሙሱ ማስያዣ ይከፍላሉ፤ ጠርሙሱን መልሰው ገንዘብዎን ይቀበሉ። አየር ለመውሰድ መውጣት ከፈለጉ መጀመሪያ በሩ ላይ ማኅተም ይመቱልዎት እንደሆነ ይጠይቁ፤ መመለስ የማይፈቅድ ቤት ከሆነ ላይቩ ሳያልቅ አይውጡ።