መርከብ ለጦር መሣሪያ ሙከራ ሲዘጋጅ ወጪው እንዴት ይገመታል?

አንድ ሥራ ሁለት ዋጋ ሊኖረው ይችላል። ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ።

ከ10 ዓመት ገደማ በፊት አሜሪካ ውስጥ የሆነውን እንይ። የመከላከያ ሚኒስቴሩ የሙከራ መሥሪያ ቤት፣ ኤጂስ የሚባለው መርከብን ከሚሳይል የሚከላከል ሥርዓት ከአዲሱ ራዳር ጋር ሰው በሌለበት የሙከራ መርከብ ላይ ተገጥሞ ይፈተሽ አለ። በ7 ዓመት ውስጥ ወደ 284 ሚሊዮን ዶላር ይፈጃል ተባለ። ያስደነግጣል። ግን ከዚያ ውስጥ 228 ሚሊዮኑ ተመላሽ ነው። ሙከራው ሲያልቅ መሣሪያው ተነቅሎ ወደፊት በሚሠራ የጦር መርከብ ላይ ይገጠማላ። ለሙከራው ብሎ የሚጠፋው 56 ሚሊዮን ነው ማለት ነው። ጥሩ ግምት ሁለቱንም ቁጥሮች ለይቶ ያሳያል። እንዴት እዚያ እንደሚደረስ በቅደም ተከተል እንሂድ።

1. መጀመሪያ፦ መርከቡ ላይ ሰው ይኖራል?

ከዋጋ በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1983 (ከታች ያሉት ዓመታትም እ.ኤ.አ. ናቸው) አንትሪም የተባለችው የአሜሪካ መርከብ ልምምድ ላይ ነበረች። ፋላንክስ የሚባለው መድፍ የመጣባትን ሰው አልባ ዒላማ መታው። ዒላማው ግን ውሃው ላይ ነጥሮ መርከቧን መታ። እሳት ተነሳ። አንድ ሲቪል አስተማሪ ሞቱ።

ወደ መርከብ ቀጥ ብሎ የሚመጣ ሚሳይል መሞከር ካለበት፣ ሰው እዚያ መሆን የለበትም። ለዚህ ነው ካሊፎርኒያ፣ ፖርት ዋይኒሚ ያለው የሙከራ መርከብ ከሩቅ የሚነዳው። ከኋላው ጀልባ መሰል ማታለያ ይጎትታል፤ ዒላማዎቹ የሚላኩት ወደዚያ ነው።

ሰው ከሌለ ግን ሌላ ወጪ ይመጣል። ሞተሩን፣ መሪውንና መሣሪያውን ከሩቅ ማዘዣ ያስፈልጋል። አንዱ የሬዲዮ ግንኙነት ቢቋረጥ የሚተካ ሁለተኛ፣ ካሜራ፣ ድንገተኛ ማቆሚያ፣ እሳት በራሱ የሚያጠፋ ሥርዓት፣ ከመርከቡ ጋር የሚሄድ አጃቢ። እያንዳንዱን በየራሱ መስመር ጻፉት። «ልዩ ልዩ» ብላችሁ አትጠቅልሉት።

2. መርከቡን መርምሩ

የፖርት ዋይኒሚው መርከብ ቀድሞ ፖል ኤፍ ፎስተር የሚባል ዲስትሮየር፣ ማለትም ፈጣን የጦር መርከብ ነበር። በ1976 ሥራ ጀምሮ በ2003 ጡረታ ወጣ። እንዲህ ያለ መርከብ በነጻ የተገኘ ይመስላል። የቆየ ቤት ያደሰ ሰው ግን ነገሩን ያውቀዋል። ቀለም ልቀባ ብሎ ይጀምርና ግድግዳው ሲነካ ቧንቧው ያፈሳል፣ የመብራት መስመሩ ተቃጥሏል።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት የምርመራ ወጪ ያዙ። ጀነሬተሮቹ ስንት ኪሎዋት ትርፍ አላቸው? የማቀዝቀዣው ውሃ ይበቃል? ብረቱ የት ሳስቷል? ይህን ሳያውቁ የተሰጠ ዋጋ ግምት አይባልም።

3. ለእያንዳንዱ መሣሪያ ቦታውን፣ መብራቱን፣ ሙቀቱን አስሉ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። የመሣሪያውን ዋጋ ይጽፍና ይጨርሳል። መሣሪያው ግን ብቻውን አይመጣም።

ሌዘርን እንውሰድ። በ2014 አሜሪካ ፖንስ በተባለች መርከብ ላይ 30 ኪሎዋት ሌዘር ገጥማ በፋርስ ባሕረ ሰላጤ ሞክራለች። የአንዱ ተኩስ ዋጋ ከ1 ዶላር በታች ነው ተብሎ ብዙ ተወርቷል። ፕሮግራሙ ግን ወደ 40 ሚሊዮን ዶላር ፈጅቷል። ልዩነቱ ከየት እንደሚመጣ ለመረዳት፣ ሌዘሩ የሚወስደውን ኤሌክትሪክ አንድ ሦስተኛውን ብቻ ወደ ብርሃን ይቀይራል ብለን እንነሳ። 30 ኪሎዋት ለመተኮስ 90 ኪሎዋት መግባት አለበት። የቀረው 60 ሙቀት ሆኖ ይቀራል፤ አንድ ነገር ተሸክሞ ማውጣት አለበት። ጀነሬተር፣ ማቀዝቀዣ፣ ቧንቧ፣ ገመድ፣ የመርከቡን ወለል ማጠናከሪያ ብረት ሁሉ ሂሳብ ውስጥ ይገባል። ከባድ ነገር ከፍ ያለ ቦታ ላይ ከተሰቀለ ደግሞ መርከቡ እንዳይገለበጥ ታች ክብደት መጨመር ያስፈልጋል።

የመመዝገቢያ መሣሪያዎችንም አትርሱ። ሙከራው የሚደረገው ውጤቱ እንዲለካ ነው።

4. የእጅ ዋጋ

በመርከብ ግንበኞች ዘንድ የታወቀ መለኪያ አለ፦ 1፣ 3፣ 8። ወርክሾፕ ውስጥ 1 ሰዓት የሚፈጅ ሥራ፣ መርከቡ ገና በክፍል በክፍል ሳለ 3 ሰዓት ይፈጃል። መርከቡ ካለቀ በኋላ እውስጡ ሲሠራ 8 ሰዓት። ጠባብ ነው፣ ጨለማ ነው፣ አንዱ በያጅ ሌላውን ይጠብቃል።

ለምሳሌ ሰዓቱ በ100 ዶላር ይሁን። ወርክሾፕ ውስጥ 1,000 ሰዓት ሥራ 100,000 ዶላር ነው። ያው ሥራ መርከብ ላይ 800,000 ይደርሳል። ለዚህ ነው በተቻለ መጠን ዕቃውን ውጭ ገጣጥሞ አንድ ላይ መጫን የሚያዋጣው። በግምታችሁ ላይ የቱ ሥራ የት እንደሚሠራ የግድ ይጻፍ።

5. የሙከራው ቀናት

ዒላማው ራሱ ይገዛል፤ ሲመታ ያልቃል። ነዳጅ፣ የባሕር ክልሉን መዝጋት፣ የሚቃኙ አውሮፕላኖች አሉ። አየሩ ሲበላሽ ቀኑ ይባክናል፣ ክፍያው ግን አይቆምም። አንዱ ተኩስ ሳይሳካ ቢደገም ስንት እንደሚጨምርም ያዙ።

6. የሚጠፋውንና የሚመለሰውን ለዩ

አሁን ዝርዝሩን ሁለት ቦታ ክፈሉት። ብየዳው፣ ገመዱ፣ ጉልበቱ፣ ዒላማው አይመለስም። ራዳሩና ኮምፒውተሮቹ ሊመለሱ ይችላሉ። ግን «ይመለሳል» የተባለ ሁሉ መንቀያ፣ ማጓጓዣና ማደሻ አለው፤ ያንን ከሚመለሰው ላይ ቀንሱ። ሙከራው ከዘገየ ደግሞ መሣሪያውን የሚጠብቀው አዲስ መርከብ አብሮ ይዘገያል። እኔ ብሆን ለዚህ መዘግየት ለብቻው መስመር እከፍትለታለሁ።

7. አንድ ቁጥር አትስጡ

ሦስት ስጡ፦ ዝቅተኛ፣ ሊሆን የሚችል፣ ከፍተኛ። በሚሊዮን ዶላር 40፣ 56 እና 100 ናቸው እንበል። መካከለኛውን በ4 አባዙ፣ ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ጨምሩበት፣ ለ6 አካፍሉ። ወደ 61 ይመጣል። ውጤቱ ከ56 የበለጠው፣ ነገር ሲበላሽ ወጪው ብዙውን ጊዜ ወደ ላይ ስለሚሄድ ነው።

8. የመጨረሻውን ቀን ከመጀመሪያው አስቡ

በሐምሌ 1946 አሜሪካ በፓስፊክ ውቅያኖስ ባለው ቢኪኒ ደሴት ላይ ከ90 በላይ መርከቦች አሰልፋ ሁለት የአቶሚክ ቦምብ ሞከረች። ሁለተኛው ውሃ ውስጥ ነበር የፈነዳው። የተረጨው ውሃ መርከቦቹን በጨረር በከላቸው። ባሕረኞች በውሃ አጠቡ፣ በቡርሽ ፈተጉ፤ አልለቀቀም። ሦስተኛው ሙከራ ተሰረዘ። እነዚያ ባሕረኞች ያለበቂ ጥበቃ እዚያ ላይ መሠማራታቸው እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

ዛሬ አሜሪካ አሮጌ መርከብ በተኩስ ልምምድ ስታሰምጥ ቦታው ከየብስ ቢያንስ 50 የባሕር ማይል መራቅ አለበት፤ ጥልቀቱም ቢያንስ 6,000 ጫማ፣ ማለትም 1,830 ሜትር ገደማ መሆን አለበት። ከዚያ በፊት ዘይቱ፣ ነዳጁና መርዛማ ኬሚካሉ ይወጣል። ያን የሚያወጡ ሠራተኞች ደመወዝ፣ መከላከያ ልብሳቸው፣ የቆሻሻው ማስወገጃ፣ እስከዚያ ቦታ መጎተቻው፦ እነዚህ አራት መስመሮች ገና መርከቡ ሳይመረጥ ወረቀቱ ላይ ይስፈሩ።