የነጠፈ ምንጭ እንዴት ይመለሳል፦ ከጮቄ ተራራ ግርጌ ለሚያርሱ

ሚያዝያ ሲገባ ባለ20 ሊትር ጀሪካን ይዘው ወደ ሰፈርዎ ምንጭ ይውረዱና እስኪሞላ ድረስ ሰዓት ይያዙ። በ40 ሰከንድ ከሞላ ምንጩ በሰከንድ ግማሽ ሊትር እየሰጠ ነው። ቁጥሩን ከነቀኑ ጽፈው ያስቀምጡ። ሐምሌ በመጣ ቁጥር ስንት ችግኝ እንደተተከለ ይነገረናል፤ ሚያዝያ ላይ ምንጩ ስንት ሊትር እንደሰጠ ሲነገር ግን ሰምቼ አላውቅም።

ጎጃም ዝናብ አላጣም። ችግሩ የክረምቱ ውሃ በተራቆተ ተዳፋት ላይ ሲያርፍ ወደ ውስጥ ሳይሰርግ በሙጋና በጨሞጋ ወንዞች አድርጎ ዓባይ መግባቱ ነው። ግንድ ይዞ ይዞራል የምንለው ዓባይ ቀዩን አፈራችንንም ይዞ ነው የሚዞረው። በበጋ ከምንጩ የሚቀዳው ደግሞ መሬት ውስጥ ገብቶ ቀስ እያለ የወረደ የክረምት ውሃ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ውሃው የሚሰርግበትን መሬት ማዘጋጀት፣ ችግኙን ከዚያ በኋላ ማሰብ ይሻላል።

በመጀመሪያ፣ ዝናብ እየዘነበ ሳለ ጃንጥላ ይዘው ከምንጩ በላይ ያለውን ተዳፋት ይዙሩ። ጎርፉ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚገናኝ በበጋ አይታይም። ሥራው ሁልጊዜ ከአናት ይጀምራል፤ ታች የተሠራ እርከን ከላይ በሚመጣ ጎርፍ ይናዳል።

የእርከኑ ቅየሳ አዝመራ ከገባ በኋላ፣ ጥርና የካቲት ላይ ነው። እኩል ቁመት ያላቸው ሁለት ዘንጎች፣ 10 ሜትር ሲባጎ እና በሲባጎው መሃል የምትንጠለጠል ትንሽ ውሃ ልክ ያስፈልጋሉ። በደረቅ አገር እርከን ፍጹም አግድም ይቀየሳል። በጎጃም ደጋ ግን እንዲህ ከተሠራ ውሃው ከእርከኑ በስተጀርባ ተኝቶ ሰብሉን ያቢጫል፤ ገበሬውም እርከኑን ቢያርሰው አልፈርድበትም። ስለዚህ የእርከኑ ውሃ በሚወጣበት መውረጃ በኩል በሚቆመው ዘንግ ላይ ሲባጎውን 5 ሴንቲሜትር ከፍ አድርገው ይቋጥሩ። ከዚያ ይህን ዘንግ በተዳፋቱ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች እያንቀሳቀሱ የውሃ ልኩ አረፋ መሃል ላይ ሲቆም ችካል ይትከሉ። መስመሩ በየ10 ሜትሩ 5 ሴንቲሜትር ይወርዳል ማለት ነው፤ ውሃው አፈር ሳይጠርግ ቀስ ብሎ ይሄዳል። መውረጃው ቀድሞ ሣር ይልበስ፤ አለበለዚያ በሁለት ክረምት ቦረቦር ይሆናል።

ቁፋሮው ላይ አፈሩን ወደ ላይኛው በኩል ይጣሉት። ይህ ፋንያ ጁ የሚባለው እርከን ነው፤ ስሙ ከስዋሂሊ የመጣ ሲሆን ደምበጫ አካባቢ በአንጀኒ ለረጅም ዓመታት ጥናት ተደርጎበታል። ታጥቦ የሚወርደው አፈር ከክምሩ ጀርባ እየተጠራቀመ መሬቱ ከዓመት ዓመት እየተደላደለ ይሄዳል። ተዳፋቱ 10 በመቶ ከሆነ በእርከኖቹ መካከል 10 ሜትር ገደማ ይተዉ፤ ክምሩ ላይ ደሾ ወይም ዝሆኔ ሣር ይትከሉበት። ቀድሞ የተቦረቦረ ካለ በድንጋይ ክትር ይሰራለት፤ የክትሩ መሃል ከዳርና ዳሩ ዝቅ ይበል፣ ጫፎቹም በሁለቱ ወገን ግድግዳ ውስጥ ይቀበሩ።

ማሳው ላይ ፍግና ኮምፖስት ይጨምሩ፤ ገለባውን ሁሉ አይልቀሙ፤ የሚያርሱት ተዳፋቱን አግድም ይሁን።

አሁን ወደ ችግኙ። ባሕር ዛፍን ማውገዝ ቀላል ነው፤ ስንቱን ቤት ያቆመው፣ ስንቱን ልጅ ያስተማረው ግን እሱ ነው። ይተከል፣ ከምንጩ ግን ይራቅ፤ ውሃ ይወዳል። ከምንጩ በላይ ወይራ፣ ኮሶ፣ የሀበሻ ጽድ፣ ቀርከሃ፤ በማሳ ዳር ዋንዛና ብሳና ይስማማሉ። ቢያመነቱ አቅራቢያዎ ያለው ደብር ግቢ ውስጥ ገብተው ምን ቆሞ እንደቀረ ይዩ። ጉድጓዱን 40 በ40 ሴንቲሜትር አድርገው ግንቦት ላይ ይቆፍሩ፤ ተከላው አፈሩ በደንብ ከራሰ በኋላ ሐምሌ ላይ ይሁን። ላስቲኩን ሙሉ በሙሉ ያውልቁ። የደረቀ ችግኝ ነቅለው ቢያዩ ብዙ ጊዜ ሥሩን ላስቲክ ውስጥ ተጠምዝዞ ያገኙታል፤ ተቸኩሎ የተተከለ ነው።

ከሁሉም የሚከብደው ልቅ ግጦሽን ማስቆም ነው። ተዳፋቱ ካልተከለለ የተተከለው ሁሉ የከብት ቀለብ ይሆናል። መንደሩ ተሰብስቦ ይስማማ፤ ሣሩ ታጭዶ ለየቤቱ ይከፋፈል፤ የከብቱ ባለቤት ካልተጠቀመ ደንቡ አንድ በጋ አይሻገርም።

በሚቀጥለው ሚያዝያ ተመልሰው ይለኩ። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ልዩነት ላያሳዩ ይችላሉ፤ ዛፉም ለራሱ ይጠጣል። ቀድሞ የሚለወጠው የሐምሌ ወንዝ ቀለም ነው፤ ድፍርሱ ይቀንሳል። ጀሪካኑን ግን አይቀይሩ፤ የሁሉም ልክ አንድ አይደለም።