የዘይት መብራት ሲበራ ፓምፑን ቀድማችሁ አትወንጅሉ

አዘዞ ካሉት ጋራዦች አንዱ በር ላይ ብትቆሙ «የዘይት መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል፣ ፓምፑን ቀይርልኝ» የሚል ሹፌር አታጡም። ኧረ ቀስ! ፓምፑ እኮ በራሱ ግፊት አይፈጥርም፣ ዘይት ነው የሚገፋው። ከኮፓው (ከሞተሩ ስር ካለው የዘይት ማጠራቀሚያ) ይስባል፣ በፊልትሮው አሳልፎ ወደ ሞተሩ ይልካል። ግፊቱ የሚመጣው ዘይቱ በክራንክሻፍቱ (በሞተሩ ዋና ዘንግ) እና ዘንጉ በሚዞርበት ኩሽኔታ መሃል ባለው ጠባብ ክፍተት ተጨናንቆ ሲያልፍ ነው። የውሃ ጎማ ጫፉን በአውራ ጣት ስትይዙት እንደሚወጠረው። ኩሽኔታው ከተበላ ክፍተቱ ይሰፋል፣ ዘይቱም በቀላሉ ያመልጣል። ያኔ አዲስ ፓምፕ መግጠም ብር ማባከን ነው።

መጀመሪያ የዘይቱን መጠን እዩ። ቀጥሎ መብራቱን የሚያበራውን የግፊት ሴንሰር ፈታችሁ በቦታው ማኖሜትሮ (የግፊት መለኪያ) ግጠሙ። በልምድ የምንይዘው ግፊት፣ ሞተሩ ሞቆ በደቂቃ 1,000 ዙር ሲዞር ወደ 10 ፒኤስአይ ነው፤ የፋብሪካው መመሪያ ካለ ግን እሱ ይቀድማል። ማኖሜትሮው ደህና ካሳየ ችግሩ ሴንሰሩ ወይም ሽቦው ነው።

አንድ የደባርቅ መስመር ሚኒባስ ሌላ ቦታ ፓምፕ ተቀይሮለት መብራቱ አልጠፋ ብሎ መጣ። ኮፓውን ስናወርደው የመምጠጫው ወንፊት በሲልኮን ፍርፋሪ ተደፍኗል። ኮፓ ስትገጥሙ ለማሸጊያ ቀጭን መስመር ሲልኮን ይበቃል! የተረፈው ወደ ውስጥ ይገባል፣ ተቆርጦ ዘይቱ ውስጥ ይወድቃል፣ መጨረሻው ወንፊቱ ላይ ነው። አሮጌው ፓምፕ ምንም አልነበረበትም፤ ሰውዬው ግን ከፍሎበታል።

አዲስ ፓምፕ በደረቁ አትግጠሙ፤ ዘይት ሙሉበት፣ አለዚያ መሳብ ያቅተዋል።

ወፍራም ዘይት ጨምሮ «ዳነ» ማለትም አለ። ጌጁ ከፍ ይላል እንጂ የተበላው ኩሽኔታ አይመለስም። በጎንደር የጠዋት ብርድ ደግሞ ወፍራም ዘይት ላይኛው የሞተር ክፍል እስኪደርስ ይዘገያል። በብርዱ ነዳጅ እየረገጡ ማስጮህም እንደዚያው ጉዳት ነው።

መብራቱ ጠፋ ማለት ግፊቱ በቂ ነው ማለት አይደለም። በብዙ መኪኖች የሚበራው ግፊቱ ከ0.5 ባር (ወደ 7 ፒኤስአይ) በታች ሲወርድ ነው፤ ይህ ደግሞ ጭነት ይዞ ዳገት ለሚወጣ ሞተር እጅግ ያነሰ ነው። እየነዳችሁ ከበራ «ጋራዡ ቅርብ ነው» አትበሉ። ሞተሩን አጥፉና አስጎትቱት።

ሊማሊሞ ጥምዝ ላይ ብቻ እየበራ ሜዳ ላይ ከጠፋ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ዘይት ጎድሏል። ቁልቁለቱ ላይ ያለችው ዘይት ወደ አንድ ጎን ትሸሻለች፣ መምጠጫውም አየር ይስባል። ሜዳ እስክትደርሱ አትጠብቁ፤ ቆማችሁ ዘይት ጨምሩ።